ያልጠበቀውን ያልሰረዘ ሊቅ፦ ኧርነስት ራዘርፎርድ

ባለፈው ዓመት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውሃ አፍልተን ሙቀቱን ስንለካ፣ በእኔ ቴርሞሜትር ላይ የታየው 93 ዲግሪ ያህል ነበር። መጽሐፉ 100 ስለሚል የእኔን ቁጥር በላጲስ አጥፍቼ 100 ብዬ ጻፍሁ። መምህራችን የላጲሱን ምልክት አይተው ምክንያቱን ጠየቁኝ። ከዚያም ከተማችን አርሲ ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት እንደሚያንስ፣ ውሃውም 100 ሳይደርስ እንደሚፈላ አስረዱን። እውነተኛውን ያጠፋሁት እኔው ነበርሁ። ስለዚህ ዘንድሮ ስለዚህ ሊቅ ለመጻፍ ወደድሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራዘርፎርድ በ1871 በኒውዚላንድ ገጠር ተወለደ። አባቱ የጋሪ መንኮራኩር ሠሪ፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ፤ እሱም ከ12 ልጆች 4ኛው ነበር። ተወዳድሮ ባገኘው የትምህርት ዕድል በ1895 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በካምብሪጅ በጄ. ጄ. ቶምሰን ሥር ሠራ። ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ካገኘ በኋላ፣ ኤሌክትሮኖች በዳቦ ውስጥ እንዳለ ጥቁር አዝሙድ በአቶሙ ውስጥ ተበትነው የሚገኙ መስሎት ነበር።

ራዘርፎርድ በካናዳ አስተምሮ በ1907 ወደ ማንችስተር ተዛወረ፤ በ1908ም በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1909 ረዳቱ ሃንስ ጋይገርና የ20 ዓመቱ ተማሪ ኧርነስት ማርስደን በጨለማ ክፍል ተቀምጠው የአልፋ ቅንጣቶችን እንደ ቅጠል በሳሳ ወርቅ ላይ እየለቀቁ፣ የሚታየውን ብልጭታ በማይክሮስኮፕ ይቆጥሩ ነበር። ወደ ኋላ የሚመለስ ቅንጣት እንዳለ እንዲመለከት ማርስደንን ያዘዘው ራዘርፎርድ ነው፤ ይገኛል ብሎ ግን አልጠበቀም። አብዛኞቹ ወርቁን አልፈው ሄዱ፤ ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ተመለሰ።

ከብዙ ሺህ አንዱን የመሣሪያ ስሕተት ነው ብሎ መሰረዝ እንዴት ቀላል ነበር! ራዘርፎርድ ግን አልሰረዘውም። ሁለት ዓመት ያህል ካሰበበት በኋላ በ1911 ምክንያቱን ገለጸ። ይኸውም የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በመካከሉ ባለች እጅግ ትንሽ አስኳል ተሰብስቧል፤ የቀረው ስፍራ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የወርቅ አቶም የኳስ ሜዳችንን ያህል ቢሆን፣ አስኳሉ በመሐል እንደ ተቀመጠች አንዲት የስንዴ ፍሬ ይሆናል። የተመለሱትም ወደዚህች ፍሬ እጅግ የቀረቡት ናቸው።

በ1919 ደግሞ ከናይትሮጅን አስኳል የሃይድሮጅን አስኳል ማስወጣቱን አስታወቀ፤ ኋላም ይህን ፕሮቶን ብሎ ሰየመው። በ1937 በ66 ዓመቱ ሲያርፍ፣ አመዱ በዌስትሚንስተር በኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ የቤተ ሙከራ ደብተሬ አሁንም ከእኔ ጋር ነው። ላጲሱ ባጠፋው ስፍራ ላይ 93 ብዬ እንደ ገና ጽፌበታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ነው።