ማርክ ትዌይንና የተሰረዘው ቃል

ምላስ አጥንት የላትም፤ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባላል። የዘር ስድብ ከቀልድና ከልቦለድ ውስጥ በሕግ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር የአንድ ሰው ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ሰውየው አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክሱ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። መጽሐፉ አንዴ ባለጌ ነው፣ ሌላ ጊዜ ዘረኛ ነው እየተባለ ከቤተ መጻሕፍትና ከትምህርት ቤት ሲባረር ኖሯል። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ተከሳሹን ማወቁ ደግ ነው።

እውነተኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ሚዙሪ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሃኒባል ከተማ ነው። ሚዙሪ ባርነት በሕግ የተፈቀደበት ግዛት ነበር። አባቱ የሕግ ሰው፣ የአካባቢ ዳኛ ነበሩ። ባሪያ ገዝተዋል፤ ሸጠዋልም። በ1841 ደግሞ ባሮችን ለማስመለጥ ሞክረዋል የተባሉ ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ ካለው ጁሪ አባላት አንዱ ነበሩ፤ ተከሳሾቹ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ሕፃኑ ያየው ይኼንን ነው። ሕጉም፣ ሰባኪውም፣ የተከበረው አባቱም በአንድ ቃል ባርነትን ደግ ሥራ አድርገውታል። በእንግሊዝኛ ኤን በሚባለው ፊደል የሚጀምረውን ስድብም የለመደው እንደ ስድብ ሳይሆን የዘወትር መጠሪያ ሆኖ ነው። ክረምት ከክረምት ከሚመላለስበት ከአጎቱ እርሻ ግን ዳንኤል የሚባል ጎልማሳ ባሪያ ነበር። ማታ ማታ ተረት ያወራላቸዋል። ያ ሰው ከልጁ ልብ አልወጣም።

አባቱ ሲሞቱ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ከትምህርት ገበታ ወጥቶ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ከዚያም በወንዙ ላይ የእንፋሎት መርከብ መሪ ሆነ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲፈነዳ ከደቡቦቹ ወገን ለሁለት ሳምንት ያህል ዘምቶ፣ ጦሩን ጥሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። በ1863 ኔቫዳ ውስጥ በጋዜጣ ሲጽፍ ነው ማርክ ትዌይን የሚለውን የብዕር ስም የያዘው። ቃሉ የወንዝ ሰዎች ነው፤ የውኃው ጥልቀት አሥራ ሁለት ጫማ መሆኑን ያመለክታል። በወጣትነቱ ለእናቱ በላካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ጥቁሮች የጻፈው ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። ሰው የሚለወጥ ፍጡር መሆኑን ለማየት ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን መከተል ያስፈልጋል።

በ1870 ኦሊቪያ ላንግደንን አገባ። የእርሷ ቤተሰብ የባርነት ተቃዋሚ፣ ለሚያመልጡ ባሮች መጠጊያ፣ የፍሬድሪክ ዳግላስ ወዳጅ ነበር። በዚያ ቤት ሜሪ አን ኮርድ የምትባል በባርነት የኖረች ወጥ ቤት ነበረች። ልጆቿ በጨረታ አንድ በአንድ ተሸጠውባታል፤ ከዓመታት በኋላ በጦርነቱ መሐል የመጨረሻ ልጇን አገኘች። ትዌይን ይህንን ታሪክ በእርሷው አነጋገር ጽፎ በ1874 አትላንቲክ መጽሔት ላይ አወጣው። አንባቢ ሊያስቅ የለመደ ሰው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቀልድ አልጨመረባትም።

ዋናው ሥራው የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱ ነው። መጻፍ የጀመረው በ1876 ሲሆን አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1885 ነው። ታሪኩን የሚነግረን ሃክ የሚባል ያልተማረ ነጭ ልጅ ነው። ከሰካራም አባቱ ሸሽቶ፣ ጂም ከሚባል ካመለጠ ባሪያ ጋር በታንኳ ወንዙን ይወርዳል። በኤን የሚጀምረው ስድብ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተጽፏል። ይኸው ነው ክሱ።

ይሁንና ስድቡ ከማን አፍ እንደሚወጣ መመልከት ያሻል። የሃክ አባት ማንበብ የማይችል ሰካራም ነው፤ አንድ የተማረ ነፃ ጥቁር መምረጥ እንደሚችል ሰምቶ መንግሥትን ይራገማል። አንዲት ደግ ሴትዮ የመርከብ ፍንዳታ መድረሱን ሲነገራት የተጎዳ ሰው እንዳለ ትጠይቃለች፤ አንድ ጥቁር መሞቱ ሲነገራት የተጎዳ ሰው ባለመኖሩ ዕድል ነው ትላለች። ትዌይን ሴትዮዋን ክፉ አላደረጋትም፤ እንግዳ ተቀባይና ሃይማኖተኛ ናት። አደጋው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻም ሃክ ጂምን ለባለቤቱ መጠቆም እንደ ጽድቅ በተማረበት አገር፣ የጻፈውን የጥቆማ ደብዳቤ ቀድዶ ሲኦል መግባትን ይመርጣል። አባትየው በጁሪ ተቀምጠው ሌሎችን ጥፋተኛ ያሉበትን ወንጀል፣ ልጅየው በሃክ እጅ አስፈጸመው።

በዚያው በ1885 ትዌይን ዬል ዩኒቨርሲቲን ሲጎበኝ ዋርነር መጊን ከሚባል ጥቁር የሕግ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ተማሪው እየሠራ የሚማር ነበር። ትዌይን ለሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ጽፎ የተማሪውን ወጪ ለመክፈል ተስማማ። ክፍያውን እንደ ምጽዋት ሳይሆን ነጮች በጥቁሮች ላይ ላደረሱት በደል እንደ ዕዳ ቆጠረው። መጊን ባልቲሞር ውስጥ የታወቀ ጠበቃና የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ። እርሱ ከመከራቸው ወጣት ጠበቆች አንዱ ሰርጉድ ማርሻል ሲሆኑ፣ በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነዋል።

ትዌይንን ቅዱስ ማድረግም አይገባም። በ1901 ጥቁሮችን እየሰቀሉ የሚገድሉትን መንጋዎች የሚያወግዝ ጽሑፍ ጽፎ፣ በደቡብ ያሉ ገዢዎቹን እንዳያጣ ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። የታተመው ከሞተ በኋላ በ1923 ነው። ስድቡን ያተመው ሰው ውግዘቱን ደበቀው ማለት ነው። ያረፈው በ1910 ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክሱ መልኩን ለውጧል። በ1885 የኮንኮርድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ያስወጣው ለጥቁሮች ተቆርቁሮ አይደለም፤ ልጁ ባለጌ ነው ብሎ ነው። በ1957 ግን የኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቦርድ መጽሐፉን ከተፈቀዱት የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መማሪያዎች ዝርዝር አወጣው። በ2011 ደግሞ አንድ አሳታሚ ስድቡን እየሰረዘ ባሪያ በሚለው ተካው። ለእኛ ጆሮ ይህ መድኃኒት ራሱ ቁስል ነው። ባሪያ የሚለው ቃል በአማርኛ ስንቱን እንዳሸማቀቀ እናውቃለን። ደግሞም ባርነት በሕግ የተደነገገ ሁኔታ ነው፤ በ1865 በሕግ ቀርቷል። ስድቡ ግን ነፃ የወጣውንም፣ የተማረውንም ተከትሎ የሚሄድ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ታሪኩን ማሳነስ ነው።

የሚጎዳ የለም ማለቴ አይደለም። በነጮች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ጥቁር ተማሪ ቃሉ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚሰማውን መካድ ጭካኔ ነው። አሪዞና ውስጥ አንዲት እናት ይህንኑ ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ1998 የሰጠው ውሳኔ ለእኔ ትክክለኛው መስመር ነው። መጽሐፍ በክስ ከክፍል አይወጣም አለ፤ ነገር ግን ተማሪዎች ልጅቱን በዚያ ቃል ሲሰድቧት ትምህርት ቤቱ ዝም ብሎ ከሆነ ሊጠየቅ ይችላል አለ። በገጸ ባሕርይ አፍ የተቀመጠ ቃልና በሰው ፊት ላይ የተወረወረ ቃል አንድ አይደሉም።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ኪነ ጥበባዊ ሥራን ከክልከላው ውጪ አድርጎታል። ጥሩ አድርጓል። ይህ ፈቃድ ግን ኃላፊነቱን ከሕጉ አንስቶ በባለሙያው ትከሻ ላይ ይጥለዋል። በማርክ ትዌይን ስም የሚሰጠውን የአሜሪካ የቀልድ ሽልማት በ1998 መጀመሪያ የተቀበለው ሪቻርድ ፕራየር ነበር። ፕራየር ያንን ስድብ መድረክ ላይ ደጋግሞ በመጥራት የታወቀ ጥቁር ኮሜዲያን ነው። በ1979 ኬንያን ጎብኝቶ ሲመለስ ቃሉን ለመተው ወሰነ። ፖሊስም ዳኛም አላዘዘውም። ጥቁር ሰዎች በገዛ አገራቸው ተከብረው ሲኖሩ አይቶ ቃሉ ለማንም እንደማይሆን ገባው። ሕግ ቢያስገድደው ኖሮ አፉን ይዘጋ ነበር እንጂ ልቡን አይለውጥም ነበር።