ቻርለስ ብራድሊ

ቻርለስ ብራድሊ (1902 – 1979 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ነበሩ። በተለይ የሚታወቁት በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ ዛሬ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) ለሚባለው ሕመም የሚሰጠው የመድኃኒት ሕክምና መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ትምህርትና ሥራ

ብራድሊ ሕክምና የተማሩት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በኢስት ፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው የኤማ ፔንድልተን ብራድሊ ሆስፒታል ሠሩ፤ በኋላም ኃላፊው ሆኑ። ሆስፒታሉ የተሰየመው በዘመዳቸው በጆርጅ ብራድሊ ልጅ በኤማ ስም ነው። ኤማ በ7 ዓመቷ በአንጎል ብግነት ታማ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ደረሰባት። ወላጆቿ ለእሷ የሚሆን ሕክምና ስላጡ፣ ቤታቸውና ሀብታቸው እንደ እሷ ላሉ ልጆች እንዲውል ተናዘዙ። በ1931 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ሆስፒታል በአሜሪካ ለሕፃናት ብቻ የተቋቋመ የመጀመሪያው የአእምሮ ሆስፒታል ነው።

የ1937 ጥናት

በዚያ ዘመን አንጎልን በራጅ ለማየት የአከርካሪ ፈሳሽ ተቀድቶ በምትኩ አየር ይገባ ነበር። ምርመራው ልጆቹን ብርቱ ራስ ምታት ያስይዛቸዋል። ብራድሊ ፈሳሹ ቶሎ እንዲተካ በማሰብ ቤንዘድሪን የተባለውን የአምፌታሚን መድኃኒት ሰጧቸው። ራስ ምታቱ እምብዛም አልተሻለም፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ልጆች በትምህርታቸው ድንገት በረቱ።

ብራድሊ ነገሩን ለማጣራት ከ5 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ 30 ልጆች መድኃኒቱን ለአንድ ሳምንት ሰጡ። ነርሶችና መምህራን ከዚያ በፊት፣ በመሐሉና ከዚያ በኋላ የልጆቹን ጠባይ ይመዘግቡ ነበር። ከ30ዎቹ 14ቱ በትምህርታቸው ጉልህ መሻሻል አሳዩ። ለውጡ የመጣው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ ወዲያው ጠፋ። ልጆቹ ራሳቸው ኪኒኑን የሒሳብ ኪኒን አሉት።

ብራድሊ በውጤቱ ቢደነቁም መድኃኒቱ ያለ ልዩነት ለሁሉም እንዳይሰጥ አስጠንቅቀዋል። ምልክቱ ሲታገሥ የችግሩ ምንጭ ሳይመረመር ሊቀር ይችላል ብለው ሰግተው ነበር።

ከጥናቱ በኋላ

የብራድሊ ግኝት ለሃያ ዓመታት ያህል ብዙም ትኩረት አላገኘም። እሳቸውም በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ኦሪገን ግዛት ተዛወሩ። በ1950ዎቹ ሪታሊን በሚል ስም ሜቲልፌኒዴት ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ አነቃቂ መድኃኒቶች ለልጆች በሰፊው መታዘዝ ጀመሩ። አምፌታሚን በኬሚካል አወቃቀሩ በጫት ውስጥ ከሚገኘው ካቲኖን ጋር ይቀራረባል። አነቃቂ መድኃኒቶች በሐኪም ትዕዛዝና ክትትል ብቻ የሚሰጡትም ሱስ የማስያዝ ጠባይ ስላላቸው ነው።

ብራድሊ አነቃቂ መድኃኒት ልጅን ማረጋጋቱ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው ነበር። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ የሚሠራው በታመሙት ላይ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ይሁንና በ1978 እ.ኤ.አ. የጁዲት ራፖፖርት ጥናት ጤነኛ ወንዶች ልጆችም በተመሳሳይ መድኃኒት ረጋ እንደሚሉና ትኩረታቸው እንደሚጨምር አሳየ። በመሆኑም አንድ ልጅ መድኃኒቱ ስለረዳው ብቻ ኤዲኤችዲ አለበት አይባልም። ሐኪሙ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመራቸውን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየታቸውን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየታቸውን ከወላጅና ከመምህር ጠይቆ ይወስናል።