ከሐኪምነት ወደ ክህነት፦ የቅዱስ አንቶኒዮ ማርያ ዛካርያ ሕይወት

ቅዱስ አንቶኒዮ ማርያ ዛካርያ በሰሜን ኢጣልያ በክሬሞና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1502 ዓ.ም. ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስላረፈ እናቱ አንቶንየታ በአሥራ ስምንት ዓመቷ መበለት ሆነች። ሌላ ባል ሳታገባም አንድ ልጇን በጸሎትና ለድሆች በመራራት አሳደገችው። እርሱም በ1520 ዓ.ም. የድርሻውን ሀብት በውል ለእናቱ ተወላት።

በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1524 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ወደ ክሬሞና ተመልሶ ሐኪም ሆነ። ዘመኑ ጦርነትና ወረርሽኝ አገሩን ያስጨነቁበት ነበር። ከሙያው ጎን ለጎን በትንሿ የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምር ጀመር። በዚህም አገልግሎት ሕዝቡ ከሥጋ ደዌ ይልቅ በእምነት ዕውቀት ማጣት እንደሚጎዳ ተረዳ።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ሀብቱን ለእናቱ ለተወ ሰው ሕክምና የተከበረ መተዳደሪያ ነበርና። ይሁን እንጂ በዶሚኒካውያን ካህናት ምክር እየተመራ ሙያውን ትቶ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ክህነት ተቀበለ።

ከዚያም ወደ ሚላኖ ሄዶ ከባርቶሎሜዮ ፌራሪና ከጃኮሞ ሞሪጅያ ጋር የቅዱስ ጳውሎስ ካህናት ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩን በ1533 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ቀሌምንጦስ 7ኛ አጸደቁት፤ በኋላም በሚላኖ በነበረው የቅዱስ በርናባስ ቤተ ክርስቲያን ስም ባርናባውያን ተባለ። ከኮንተሳ ሉዶቪካ ቶሬሊ ጋርም የአንጀሊካውያን እኅቶችን ማኅበር አቋቋመ። በአደባባይ የሚያሳዩት የንስሓ ሥራ ግን ብዙዎችን አስቈጣ። በ1534 ዓ.ም. በመናፍቅነት ተከሰው ተመረመሩ፤ ከክሱም ነፃ ወጡ። እርሱም ስደቱን በትዕግሥት ተቀብሎ ምእመናንን ወደ መስቀሉና ወደ ቅዱስ ቁርባን መጥራቱን አላቋረጠም።

በድካም ብዛት ታሞ ወደ እናቱ ቤት ተወሰደና ሐምሌ (ጁላይ) 5 ቀን 1539 ዓ.ም. በሠላሳ ስድስት ዓመቱ በዚያው አረፈ። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ በ1897 ዓ.ም. ቅድስናውን አወጁ።

ውድ ምእመናን፣ ቅዱስ አንቶኒዮ ሕክምናን የተወው ንቆት አይደለም። የሕሙማን ፈውስም የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው የተጠራበትን መንገድ መለየት ይገባዋል። በተለይ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የዚህ ቅዱስ ጥሪ የጎለመሰው በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምር መሆኑን አስታውሱ። የምታስተምሩት ጉባኤ ትንሽ ቢመስላችሁ አትታክቱ።