አንቶኒ ኤደን፦ ከምሽግ እስከ ስዊዝ ካናል

ኤደን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአዳምና የሔዋን ገነት ነው፤ ወይም ደግሞ በሴቶቹ መኝታ ክፍል ያለች አንዲት እጩ መምህርት። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምናነሳው ኤደን ግን ወንድ ነው፤ የእንግሊዝ ባላባት ልጅ፣ የ1ኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው። ስለ ኢጣሊያ ወረራ ሲነገር ስሙ ሽው ብሎ ያልፋል፤ የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር ተብሎም ይታለፋል። ወዳጅነቱ እስከ ምን ድረስ ነበር? ይህን ረጋ ብሎ ማየት ደግ ይመስለናል፤ ነገ ክፍል ገብተን ስንጠየቅ የምንመልሰው እኛው ነንና። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብለን ለይተናል።

አንቶኒ ኤደን የተወለደው ጁን 12 ቀን 1897 በሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም በተባለው አውራጃ፣ ዊንድልስቶን በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። አባቱ ሰር ዊልያም ኤደን ባሮኔት ነበሩ። ባሮኔት ማለት ከአባት ወደ በኩር ልጅ የሚወርድ የማዕረግ ስም ነው። ሰውየው ሥዕል የሚወዱና የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን ቤቱን ያንቀጠቅጥ ነበር ይባላል። አንቶኒ ከአራት ወንዶች ልጆች ሦስተኛው ስለሆነ ርስቱም ማዕረጉም ለእሱ እንደማይደርሰው ያውቃል። ትምህርቱን የተማረው የባላባት ልጆች በሚገቡበት በኢተን ነው።

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ የ17 ዓመት ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ታላቅ ወንድሙ ጆን በግንባር ተገደለ። ሁለተኛው ወንድሙ ጦርነቱ ጀርመን አገር ሳለ ስለደረሰበት እዚያው ተይዞ ታሰረ። በ1915 መጀመሪያ አባቱ ሞቱ። አንቶኒ ትምህርቱን ትቶ በዚያው ዓመት ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። ሜይ 31 ቀን 1916 ደግሞ የቤቱ መጨረሻ ልጅ ኒኮላስ፣ የባሕር ኃይል ሰልጣኝ ነበርና፣ በጃትላንድ ውጊያ ከነመርከቡ ሰጠመ። ዕድሜው 16 ነበር። በየገጠሩ 6ኛ ክፍል የምናገኘው ልጅ ዕድሜ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በጋ ኤደን ፕሉግስቴርት በተባለ የቤልጂግ ግንባር ነበር። አንድ ሌሊት ጥቂት ወታደሮች ይዞ ወደ ጀርመኖች ምሽግ ሾልኮ ሄደ። ጀርመኖቹ ነቅተው ተኩስ ከፈቱ፤ ሃምሳ አለቃው ክፉኛ ቆስሎ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ወደቀ። ኤደን ትቶት አልተመለሰም። ደሙን አስሮ፣ ከጓዶቹ ጋር ተሸክሞ፣ በዚያ ጨለማ ወደ ወገን ምሽግ አደረሰው። ለዚህ ሥራው በ1917 ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። በ1918፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ብርጌድ ሜጀር ተብሎ ተሾመ፤ በዚያ ማዕረግ ከነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች ሁሉ ታናሹ ነበር ይባላል። እኛ በ20 ዓመታችን የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ አስቸግሮን ስንጨነቅ እሱ የአንድ ብርጌድ ወታደር እንቅስቃሴ ያቅድ ነበር።

ከጦርነቱ ሲመለስ ኦክስፎርድ ገብቶ የፋርስና የዓረብ ቋንቋ ተማረና በ1922 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ዓረብኛውን ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ ይመጣል። በ1923 በወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ስም ለፓርላማ ተመረጠ፤ ያንን ወንበር 33 ዓመት ያህል ሳይለቅ ይዞታል። መልከ መልካም፣ አለባበሱ የሚታይ ሰው ነበር፤ ባርኔጣው እንኳ በስሙ እስኪጠራ ድረስ። ስለ ባርኔጣው ይህን ያህል ይበቃል።

ወደ እኛ ጉዳይ ስንመጣ፣ በ1935 የእንግሊዝ መንግሥት ኤደንን የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ጁን ላይ ወደ ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተነጋገረ። ይዞት የሄደው ሐሳብ ምን ነበር? እንግሊዝ የዘይላን ወደብ ለኢትዮጵያ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከኦጋዴን ከፍሎ ለኢጣሊያ ትለቃለች የሚል ነው። ሙሶሊኒ አይሆንም አለ፤ የፈለገው አገሪቱን በሙሉ ነበርና። ታዲያ ለሰላም ተብሎ ይሁን እንጂ የሚቆረሰው የማን መሬት እንደነበረ አንባቢው ያየዋል።

ኦክቶበር 1935፣ በእኛ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ ኢጣሊያ ወረረች። ጄኔቭ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ ኤደን ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ማዕቀቡም ኖቬምበር 18 ቀን ተጀመረ። ለኢጣሊያ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ዕቃዋ እንዳይገዛ ተባለ። ቤንዚን ግን አልተከለከለም። አውሮፕላኑና ካሚዮኑ በምን ይሄዳል? የኢጣሊያ ወታደርና ስንቅ የጫኑት መርከቦችም ቀረጣቸውን እየከፈሉ በስዊዝ ካናል ማለፋቸውን ቀጠሉ። የካናሉ ጠባቂ እንግሊዝ ነበረች። የሰጡት ምክንያት በ1888 የተፈረመው ውል ካናሉ ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል የሚል ነበር።

ዲሴምበር ላይ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ኢትዮጵያን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት በምስጢር መስማማታቸው በጋዜጣ ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በቦታው በ38 ዓመቱ ኤደን ተሾመ። መቼም ለኢትዮጵያ ከዚህ የተሻለ ሹመት አልነበረም መባሉ አይቀርም። በፌብሩዋሪ 1936 የእንግሊዝ ካቢኔ የቤንዚኑን ክልከላ ለመደገፍ ወሰነ፤ ኤደንም ይህን ይዞ ጄኔቭ ሄደ። ፈረንሳዮች ትንሽ ይቆይ አሉ። በዚያው ሰሞን ሂትለር ወታደሩን ወደ ራይንላንድ አስገባና የሁሉም ዓይን ወደዚያ ዞረ። እኛ ዘንድ ግን መርዝ ጋዙ ይዘንብ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነው ሆነ።

ጁን 18 ቀን 1936 ማዕቀቡ እንዲነሣ መንግሥታቸው መወሰኑን በፓርላማ ቆሞ ያስታወቀው ራሱ ኤደን ነው። ከ12 ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ አቤቱታቸውን ሲያሰሙ ኤደን እዚያው ነበር። በዚያች ሌሊት ፕሉግስቴርት ላይ ሃምሳ አለቃውን ትቶ ያልተመለሰው ሰው በዚህ ጊዜ ተመለሰ። ከባድ አባባል ነው የሚል ይኖራል፤ ሚኒስትር ከካቢኔው ብቻውን ምን ያደርጋል ይሉናል። እውነት ነው፤ ግን ሥልጣን መልቀቅም እኮ ይቻል ነበር። ይቻል እንደነበረ ያሳየውም እሱ ነው፤ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1938 ለቀቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሊን ከሙሶሊኒ ጋር ለመታረቅ ሲቻኮሉ ኤደን ኢጣሊያ መጀመሪያ ወታደሯን ከስፔን ታውጣ ብሎ ነበር የተጣሉት። ለኢትዮጵያ ሲል ሥልጣኑን ለቀቀ የሚባለው እንግዲህ ትክክል አይመስለንም። የሆነ ሆኖ እሱ ከወጣ በኋላ፣ በኖቬምበር 1938፣ እንግሊዝ የኢጣሊያን ወረራ አጸደቀች።

ሙሶሊኒ በ1940 እንግሊዝን ሲወጋ ነገሩ ተገለበጠ። ኤደን የጦር ሚኒስትር ሆኖ ኦክቶበር ላይ ካርቱም ድረስ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ ተቀምጠው የጦር መሣሪያ ይጠይቃሉ፤ የአካባቢው እንግሊዞች ግን ይለግማሉ። ኤደን ተነጋግሮ ነገሩን አነቃነቀው፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941 ደግሞ፣ እንደገና ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ፣ መንግሥታቸው የኢትዮጵያን ነፃነትና የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን እንደሚቀበል በፓርላማ አስታወቀ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ብቻ ኦጋዴን ወዲያው አልተመለሰም፤ እስከ 1948 በእንግሊዝ ጦር እጅ ቆየ። ሐውድ እንዲመለስ የተፈረመው በ1954 ነው፤ ያኔም ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን ነበር።

በመካከሉ የራሱ ሐዘን አልቀረለትም። ልጁ ሳይመን በ1945 በርማ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የመጀመሪያው ትዳሩ በ1950 ፈረሰ፤ በ1953 በቀዶ ጥገና ጊዜ የሐሞቱ ቧንቧ ስለተጎዳ ከዚያ ወዲህ ትኩሳት እየተመላለሰበት ኖረ።

ቸርችል ሲለቁ ኤፕሪል 6 ቀን 1955 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ጁላይ 26 ቀን 1956 የግብፁ ናስር ስዊዝ ካናልን የሕዝብ ንብረት ነው ብሎ ወረሰ። ኤደን ከናስር ጋር ካይሮ ላይ ተገናኝቶ ያውቃል፤ ዓረብኛም ያውቃል፤ ግን በዚያን ጊዜ የታየው ናስር ሳይሆን ሙሶሊኒ ነው። ያኔ ስላልተቆመለት ነው ያበጠው፣ አሁን ይቁም የሚል ሐሳብ ያዘው። ሙሶሊኒ የሰው አገር ወረረ፤ ናስር በገዛ አገሩ ያለፈውን ውሃ ወረሰ፤ ባለአክሲዮኖቹንም እከፍላለሁ ብሏል። ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ይመስለን ነበር። ለእርቅ ካይሮ ከሄዱት የአምስት አገሮች መልእክተኞች መካከል የእኛው አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩበት፤ አልተሳካም።

ከዚያ በኋላ በኦክቶበር መጨረሻ፣ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ላይ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስራኤል በምስጢር ተዋዋሉ። እስራኤል ትወጋለች፤ ሁለቱ ገላጋይ መስለው ይገባሉ። እንደተባለውም ኦክቶበር 29 ተጀመረ። ግብፆች መርከብ እያሰጠሙ ካናሉን ዘጉት፤ በ1935 ሊዘጋ አይቻልም የተባለው ካናል ማለት ነው። አሜሪካ ተቆጣች፤ የፓውንድ ዋጋ ሲናወጥ ብድር እንዳይገኝ ከለከለች፤ ነዳጅም ጠፋ። በኢጣሊያ ላይ ያልተሞከረው መሣሪያ በኤደን ላይ ተሞከረና በጥቂት ቀን ሠራ። ኖቬምበር 6 ተኩስ ቆመ። ኤደን ዲሴምበር 20 በፓርላማ ቆሞ እስራኤል እንደምትወጋ አስቀድሞ እንደማያውቅ ተናገረ። ያውቅ ነበር። የእንግሊዝ ወገን የውሉ ቅጂ ጠፍቷል፤ የእስራኤሉ ግን ቀርቷል።

ጃንዋሪ 9 ቀን 1957 በሕመም ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1961 የኤቮን ኧርል ተብሎ ርስቱ ሳይደርሰው የቀረው ሰው ከአባቱ የበለጠ ማዕረግ አገኘ። ስለ ፖለቲካ ሥራው ሦስት ትልልቅ መጻሕፍት ጽፏል፤ የስዊዙን ምስጢር ግን በአንዱም አላወጣም። የመጨረሻው መጽሐፉ በ1976 የወጣ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ልጅነቱና ስለ ምሽጉ ብቻ ይናገራል። እኛ አንብበው ካሉን እሱን እናስቀድማለን። በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1977፣ ዊልትሸር በሚባል አውራጃ፣ አልቬዲስተን በምትባል መንደር ሞተ፤ እዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ።