ስንት ልጅ ይወለድ? ማንስ ያሳድገው? የአልቫ ሚርዳል ሕይወት

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ስዊድናዊቷን ወይዘሮ አልቫ ሚርዳልን ነው። የመረጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሕዝብ ቁጥር ክርክር ሲነሳ፣ ቁጥሩ በዛም ተባለ አነሰ፣ ጣት የሚቀሰረው ሴት ላይ ነው። እኚህ ሴት ክርክሩን ልጅ አነሰ በተባለበት አገርም፣ ልጅ በዛ በተባለበት አገርም ኖረውበታል።

ወይዘሮ አልቫ እ.ኤ.አ. በ1902 በኡፕሳላ ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባደጉባት በኤስኪልስቱና የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴቶችን ስለማይቀበል ቢሮ ተቀጥረው ሠሩ። በኋላ አባታቸው ወትውተው ለሴቶች ልጆች ለብቻ ክፍል እንዲከፈት አደረጉ። በ1924 በስቶክሆልም የከፍተኛ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በዚያው ዓመት ጉናር ሚርዳልን አገቡ። ሦስት ልጆችም ወለዱ።

በ1930ዎቹ የስዊድን የወሊድ መጠን በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሽማግሌው ሊበዛ፣ ሠርቶ የሚጦረው ወጣት ሊያንስ ነው የሚል ስጋት አገሩን ያዘው። አንዳንዶች ጥፋቱን ሥራ ፈልጋ ከቤት በወጣችው ሴት ላይ ጣሉ። ከ1910 ጀምሮ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ይጽና የሚሉም ነበሩ።

ባልና ሚስቱ በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን ገለበጡት። ቤቱ ጠባብ፣ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ፣ ሴቲቱም ስታገባ ወይም ስታረግዝ ከሥራ የምትባረር ከሆነ፣ ልጅ መውለድ ቤተሰብን ያደኸያል አሉ። አገር ልጅ ከፈለገ ወጪውን ከወላጅ ጋር ይካፈል፤ የእርግዝና መከላከያም ለሁሉም ይፈቀድ፤ የሚወለደው ልጅ ሁሉ ተፈልጎ የተወለደ ይሁን የሚል ነበር ሐሳባቸው።

መንግሥት በ1935 የሕዝብ ጉዳይ ኮሚሽን አቋቋመ። ወይዘሮ አልቫም ስለ ሴቶች ሥራ የሚያጠናው ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኑ። በ1938 የመከላከያው ክልከላ ተነሳ፤ የወሊድ አገልግሎትም በነፃ ሆነ። በ1939 ደግሞ ሴትን በማግባቷ ወይም በማርገዟ ከሥራ ማባረር በሕግ ተከለከለ።

እሳቸው ግን ሕግ እስኪወጣ ብቻ አልጠበቁም። ከአርክቴክት ስቬን ማርኬሊዩስ ጋር መክረው ያሰቡት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በ1935 ስቶክሆልም ውስጥ ተከፈተ። ምድር ቤቱ ላይ የጋራ ወጥ ቤትና የሕፃናት መዋያ ነበረው፤ ምግቡም በትንሽ አሳንሰር ወደየቤቱ ይወጣ ነበር። በዓመቱ የሕፃናት መምህራን ማሠልጠኛ ከፍተው ለዓመታት መሩት።

የሕይወታቸው ጥቁር ገጽም መነገር አለበት። በ1934 የወጣውና በ1941 የሰፋው የማምከን ሕግ፣ የአእምሮ ችግር አለባቸው ወይም ልጅ ለማሳደግ አይበቁም የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ የሚያደርግ ነበር። ሚርዳሎች ይህንን ሕግ ደግፈዋል። እስከ 1975 ድረስ ከ60,000 በላይ ሰዎች መከኑ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተገደው ወይም ጫና ተደርጎባቸው ነው። የስዊድን ፓርላማ ለተጎዱት ካሳ እንዲከፈል የወሰነው በ1999 ነው። ልጅ ተፈልጎ ይወለድ ያሉት ሴት፣ የማን ልጅ ይፈለጋል የሚለውን ለባለሥልጣን መተዋቸው ብዙ ሰው አስከፍሏል።

ከ1955 እስከ 1961 በሕንድ የስዊድን አምባሳደር ሆኑ። እዚያ ጭንቀቱ የሕዝብ መብዛት ነበር፤ ሕንድም በ1952 ብሔራዊ የቤተሰብ ምጣኔ ፕሮግራም ጀምራ ነበር። እሳቸው ከሄዱ ከዓመታት በኋላ፣ በ1976 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሚሊዮኖች፣ በአብዛኛው ድሃ ወንዶች፣ እንዲመክኑ ተደረገ። ብዙዎቹ በግዳጅ ነበር። በአንዱ አገር ቁጥሩ አነሰ፣ በሌላው በዛ ተባለ፤ በሁለቱም ድሃው ሳይጠየቅ ተወሰነበት።

ወይዘሮ አልቫ በኋላ ለጦር መሣሪያ ቅነሳ ታግለው በ1982 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከሜክሲኮው አልፎንሶ ጋርሲያ ሮብሌስ ጋር ተካፈሉ። በ1986 በ84 ዓመታቸው አረፉ።

ክርክሩ ግን አላረፈም። በደቡብ ኮርያ በ2023 የወሊድ መጠኑ ለአንዲት ሴት በአማካይ 0.72 ልጅ ደርሷል። ስዊድንም ያ ሁሉ ድጋፍ እያላት የወሊድ መጠኗ እንደገና ወርዷል። ስለዚህ ድጋፍ ቁጥር ይጨምራል ብለን አንከራከርም። ድጋፍ የሚያስፈልገው የተወለደው ልጅና የወለደችው እናት እንዳይጎዱ ነው፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

የሕፃናት መዋያ ጉዳይ በማኅበራችን ሲነሳ፣ ገንዘቡ ለብድር ይዋል የሚሉ አባላት አሉ፤ ሐሳባቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ልጇን አዝላ ገበያ የምትውል፣ ወይም የታመሙ እናቷን ትታ መውጣት ያቃታት አባል፣ ብድሩን ብትወስድ በምን ጊዜዋ ሠርታ ትመልሳለች? ደጋፊዎቻችንም ስንት ሴቶች መከላከያ እንደወሰዱ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቶቹ በፈቃዳቸው እንደወሰኑ ጭምር እንዲጠይቁን እንፈልጋለን። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ መዋያው አንድ አጀንዳ ሆኖ ይቀርባል። እያንዳንዳችን በቀን ስንት ሰዓት ለልጅና ለአዛውንት እንደምናውል ቆጥረን እንምጣ።