አቡነ ሰላማ፦ ግዝት፣ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን መሬት (1841–1867)

አቡነ ሰላማ በኢትዮጵያ ጵጵስና የቆዩባቸው 26 ዓመታት ብዙውን ጊዜ የሚተረኩት የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ቅጥያ ሆነው ነው። ይሁን እንጂ የሃይማኖት ክርክር የመንግሥት ሕግ ሲሆን ቤተ ክህነት ምን እንዳተረፈችና ምን እንዳጣች የሚያሳየው የጳጳሱ ሕይወት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ግብጻዊው መነኩሴ በካይሮ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በከፈቱት ትምህርት ቤት ተምረዋል። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ መልእክተኞች ልከው ሲያስመጧቸው ገና ወጣት ነበሩ። ውቤ ጳጳስ የፈለጉት ለክህነት ሹመት ብቻ አልነበረም፤ ክርስትናቸው በሚታማው በየጁው ራስ ዓሊ ላይ ለሚያነሡት ጦር የሃይማኖት ሽፋን ይሻሉ። በየካቲት 1842 ደብረ ታቦር ላይ በተደረገው ውጊያ ውቤ ድል አደረጉ፤ ግን ድላቸውን ሲያከብሩ ተማረኩ። ጳጳሱም በራስ ዓሊ እጅ ወደቁና ወደ ጎንደር ሄዱ።

ጎንደር የጠበቃቸው ከጦር ሜዳው የባሰ ክርክር ነው። አቡኑ የእስክንድርያን መንበር ተከትለው ለክርስቶስ ሁለት ልደት ብቻ ሲሉ፣ በእጨጌው የሚመሩት የጸጋ ወገኖች ሦስተኛ ልደት ያስተምሩ ነበር። ጳጳሱ ወታደር የላቸውም፤ ያላቸው ግዝት ነው። ግዝት ደግሞ የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ካላገኘ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ1846 ከጎንደር ተባርረው ወደ ትግራይ ተመለሱ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ያንን ባለሥልጣን አገኙ። ራስ ዓሊን ያሸነፉት ደጃዝማች ካሣ በ1854 አምባ ጫራ ላይ ጉባኤ ጠርተው የጸጋ ወገኖችን በግድ ጸጥ አሰኙ፤ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ዴ ያቆቢስም ከሀገር ተባረሩ። አቡኑ በበኩላቸው በየካቲት 1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ካሣን ቴዎድሮስ ብለው ቀቡ። የቀቧቸው የመጀመሪያ ደጋፊያቸው ውቤ በተሸነፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም።

ውሉ ለሁለቱም የጠቀመ ይመስላል፤ ሆኖም እኩል አልነበረም። በጉባኤው የሃይማኖትን ልዩነት የፈረደው የንጉሥ ጉልበት ስለ ነበር፣ ያው ጉልበት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት ሲዞር ካህናቱ የሚያቆሙበት መርሕ አልነበራቸውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለሠራዊታቸው ስንቅ ሲሹ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የቀረው መሬት ለገባር ይሰጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ካህናቱ እንቢ አሉ። በ1856 መጨረሻ የመጡት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ አራተኛም የግብፅን ገዥ ጉዳይ ያራምዳሉ ተብለው ስለ ተጠረጠሩ ከአቡነ ሰላማ ጋር ለጥቂት ቀናት ታስረው ተፈቱ። በ1860 መሬቱ ተወሰደ። የጠቡን መነሻ ከንጉሡ ቁጡነት ብቻ የሚፈልጉ ጸሐፊዎች ይህን ያቃልሉታል።

የደብረ ታቦር አካባቢ የዚህን ዘመን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት የሰፈሩት የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ባለሙያዎች ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ ነበር። የልጅነት ትምህርታቸው ይሆናል፣ አቡኑ ለፕሮቴስታንቶች ከካቶሊኮች ይልቅ ትዕግሥት አሳይተዋል፤ ለቤተ እስራኤል እንዲሰብኩ ሲፈቅዱ ግን አማኞቹ የሚጠመቁት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አስገድደዋል። ፍልስፍናቸው ግልጽ ነው፦ መምህሩ ከየትም ይምጣ፣ በሩ አንድ ይሁን።

በ1864 አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታሰሩ። በጥቅምት 1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጳጳሱ ግን በዚያው ወር በ25ኛው ቀን በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ሀገሪቱ እስከ 1869 ጳጳስ አልነበራትም፤ በዚያ ዓመት አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ ያስመጡት የትግራዩ ካሣ ምርጫ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ዮሐንስ አራተኛ ተብለው አክሱም ላይ የተቀቡት በጥር 1872 ነው።