አክሊሉ ለማ

ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ፍሬ ቢልሃርዚያን የሚያሰራጨውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነበሩ። ቢልሃርዚያ ጉበትን ክፉኛ ከሚጎዱ ጥገኛ ትሎች ወለድ በሽታዎች አንዱ ነው።

ትምህርትና ሥራ

አክሊሉ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ።

የእንዶድ ግኝት

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። በአሰላና በአርሲ ደጋማ ቦታዎችም የታወቀ ሲሆን በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ስለሚያወጣ ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት ኖሯል።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሕይወት ያሉትን ወስደው በእንዶድ ውሃ ሲሞክሯቸውም ሞቱ። ቆይቶ በአሜሪካ በተደረገ ምርምር ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ።

ከጉበት ጋር ያለው ግንኙነት

የቢልሃርዚያ ትል ዕጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል የሚጥላቸው እንቁላሎች ከፊሎቹ በደም ተወስደው ጉበት ውስጥ ይቀራሉ። በዙሪያቸው የሚፈጠረው ጠባሳ የደም መተላለፊያውን ያጠባል፤ ከዚህም የጣፊያ ማበጥ፣ የሆድ ውሃ መቋጠርና ደም ማስመለስ ይከተላሉ። የጉበት ሕዋሳት ለረጅም ጊዜ ስለሚተርፉ የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ብቻውን ጉዳቱን ላያሳይ ይችላል።

እንዶድ የሚከላከለው ቀንድ አውጣውን በመግደል እንጂ የታመመ ጉበትን በማዳን አይደለም። ፍሬው ቢጠጣ መርዝ ነው፤ ዓሣንም ይገድላል። ለታመመ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው።

የዐድዋ ሙከራና ተቀባይነት

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ ተረጨ። በአምስቱ ዓመታት በበሽታው የተያዘው ነዋሪ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህም ሆኖ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ጥናት አልተሟላም በሚል ግኝቱ ለዓመታት ሰፊ ድጋፍ አላገኘም። ለጥናቱ የሚያስፈልገው ገንዘብና ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ አልነበረም። አክሊሉ ችግሩ የእንዶድ ብቻ ሳይሆን የአፍሪካ ሳይንስ ሁሉ መሆኑን በማስረዳት ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው የተሻሉ የእንዶድ ዝርያዎችን መርጠው አራብተዋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

የመጨረሻ ዓመታትና መታሰቢያ

አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በዩኒሴፍም ጭምር፣ አገልግለዋል። በአሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ባደረጉት ሥራ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ታውቋል። መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋም ይባላል።